ከፍለን ነበር እኮ

የደቡብ ጎንደሩ ጋይንት ለዘፈን ገንዘብ አያወጣም የሚል ሰው በጥር ወር ጋይንት ሰርግ ላይ ተገኝቶ አያውቅም። ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ማሲንቆው ማልቀስ ሲጀምር ሰው ከኪሱ እያወጣ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። የሲማዳው ወገን አስር ብር ሲለጥፍ የእስቴው ሃምሳ ይለጥፋል፤ እልኩም ፍቅሩም ወደ ብር ይለወጣል። ብር ያጠረው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ የሰጪው ስም ከነአባቱ እየተነሳ ይወደሳል። በዚህ አገር ዘፈን በነፃ የሚበላ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ «ሕዝባችን ለሙዚቃ መክፈል አልለመደም» የሚለውን ወሬ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ከፍለን ነበር እኮ! በካሴት ከፍለናል፤ በሚሞሪ ካርድ ከፍለናል፤ በጥሪ ማሳመሪያ ከፍለናል፤ ዛሬም ዩቲዩብ ለማየት የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛን እንከፍላለን። የከፈልነው ግን የዘፋኙ ደጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። እኔን የሚቆጨኝ ድህነታችን አይደለም። ገንዘቡ በእጃችን ሲመላለስ ወደ ባለቤቱ የሚያደርስ ሥርዓት ለማበጀት ዕድሉ ደጋግሞ መጥቶ ደጋግመን መስደዳችን ነው።

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበር። አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማህበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ነገሩ የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ነበር። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ መብራት አይጠይቅም። ስለዚህ ከጉና እስከ ጨጨሆ ገጠሩን ገባበት። የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ደግሞ ከወረታ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟን የሚመሰክር ብርድ ያላት ከተማ ናት፤ መኪና ቆሞ ተሳፋሪ ሻይ ሲጠጣ ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ገበያውን ያደምቃል። መደርደሪያው ላይ ባለቀለም ሽፋን ያለው ኦሪጅናል አለ፤ ከጎኑ ሽፋኑ በፎቶ ኮፒ የጠቆረ ኮፒ አለ። ባዶ ካሴት ገዝቶ «ከዚህም ከዚያም ምርጥ ምርጡን ቅዳልኝ» የሚልም አለ፤ ይቀዳለታል፤ የማስቀጃውን ይከፍላል።

ኦሪጅናሉን የገዛው ሰው እንኳ ለዘፋኙ ከፈልኩ ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም ነበር። አሠራሩ የአንድ ጊዜ ሒሳብ ነው። አሳታሚው ሙዚቃ ቤት ለዘፋኙ ቁርጥ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲዎቹ፣ ለአቀናባሪውም እንደየድርድራቸው ይከፍላል፤ አለቀ። ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ሒሳቡ ተዘግቷል። አንድ ሾፌር ያንኑ ካሴት ደብረ ታቦርና ወልዲያ መካከል ሃያ ዓመት ሲያስጮኸው ቢኖር ለሠራው ሰው ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሕግ ስላልነበረ ነው እንዳንል ሕግ ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። በ1995 ሙዚቀኞቹ ቅጂ እየበላን አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ለወራት አደሙ። በዚያው ዓመት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በዓመቱ፣ በ1996፣ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። አዋጁ ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ ለ50 ዓመት ጥበቃ ሰጠ። በሬዲዮ የሚተላለፍና በአደባባይ የሚሰማ የድምፅ ቅጂም ተገቢ ክፍያ እንደሚገባው ደነገገ። ከወረቀት አንፃር ሲታይ ያቺ ዓመት የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ትልቋ ዕድል ነበረች።

አዋጅ ግን ብቻውን ገንዘብ አይሰበስብም። አንድ ዘፋኝ ከንፋስ መውጫ ሆቴል፣ ከእስቴ ቡና ቤት፣ ከባህር ዳር ሬዲዮ ጣቢያ እየዞረ የድርሻዬን ስጡኝ ሊል አይችልም። በሌላው ዓለም ይህን የሚሠራው የሙዚቀኞች የጋራ አስተዳደር ማህበር ነው፤ በሁሉም ስም ይሰበስባል፤ ለእያንዳንዱ እንደየሥራው ያካፍላል። በእኛ አገር እንዲህ ዓይነት ማህበር በሕግ መንገድ የተከፈተለት በማሻሻያው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል አስራ አንድ ዓመት አለ። ካሴት የሞተው፣ ሲዲ ተከትሎት የሄደው፣ ሞባይል ገበሬው ኪስ የገባው በእነዚሁ አስራ አንድ ዓመታት ነው። ሕዝቡ ከምንጊዜውም በላይ ለዘፈን በሚከፍልበት ሰዓት ሰብሳቢ አልነበረም።

ያኔ በየከተማው የተከፈተውን ሱቅ የማያስታውስ የለም። የቆርቆሮ በር፣ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ አቧራ እንዳይገባው ፌስታል የለበሰ ኪቦርድ፣ ግድግዳው ላይ «ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፎልደሮቹ በወግ ተደርድረዋል፦ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሰርግ፣ የድሮ፣ ቀረርቶና ሽለላ፣ የኦርቶዶክስ መዝሙር። በገበያ ቀን ከቆላም ከደጋም የወጣው ሰው ደጁ ላይ ይሰለፋል። አንድ ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ጥፍር የምታህል ካርድ ያወጣሉ።

«ልጄ፣ የማሲንቆውን ብቻ ጫንልኝ። ይሄን የልጆቹን ጩኸት አልፈልግም።»

«እሺ አባባ። የማንን ልጫንልዎ?»

«ማንነቱን ምን አውቄ! ያንን ሆድ የሚያባባውን ነዋ።»

ልጁ ፎልደሩን ከፍቶ ያለውን ሁሉ ይገለብጥላቸዋል። ፋይሎቹ «ትራክ 03»፣ «ማሲንቆ 7»፣ «ጎንደር አዲስ» ይላሉ፤ የሰው ስም የለባቸውም። ሽማግሌው አስር ብር ከፍለው፣ ካርዳቸውን መልሰው ቋጥረው፣ ልጁን መርቀው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ነው የምንገበገበው። እዚያ ደጃፍ ገዢ አለ፤ ሻጭ አለ፤ ገንዘብ አለ፤ ሱቁ የንግድ ፈቃድ አለው፤ በዓመት አንዴ ግብር ይከፍላል። ከአስሩ ብር አንዷን ወደ ዘፋኙ የሚወስድ ብቻ ነው ያልነበረው። መንግሥት የራሱን ግብር ከዚያ ሱቅ መሰብሰብ ካላቃተው የሙዚቀኛውን ድርሻ አብሮ ማሰባሰብ ለምን አቃተው? ለየሱቁ አነስተኛ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ተምኖ፣ ፋይሎቹን ከነባለቤታቸው ስም አድሎ፣ ልጁን ሕጋዊ ወኪል ማድረግ ይቻል ነበር። ሥራ አጥ የነበረው ወጣት ሥራው ይከበርለታል፤ ሽማግሌው የሚወዱትን ሰው ስም ያውቃሉ፤ ዘፋኙም ጋይንት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሰማው ይረዳል።

የተያዘው መንገድ ግን የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ነበር። «ሊወርሱ መጡ» ሲባል ኮምፒውተሩ አልጋ ሥር ይገባል፤ ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው ሙዚቀኛ የንፋስ መውጫውን ልጅ ሌባ አለው፤ ልጁ ሙዚቀኛውን ሀብታም መሰለው፤ ባለሥልጣኑ ስለ ቅጂ መብት የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ጠርቶ አበል ከፈለ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆነና በየከተማው ተዘርግቶ የቆየው የሽያጭ መረብ ፍርስርሱ ወጣ። ዛሬ እነዚያ ሱቆች ሞባይል ይጠግናሉ፤ ስክሪን ፕሮቴክተር ይለጥፋሉ። ዘፈን ለማስጫን የሚሰለፍ ሰው የለም።

ገንዘቡን ለባለቤቱ ማድረስ ሊሆን የማይችል ሕልም ነበር ለሚለኝ የባህር ዳርን ታሪክ እነግረዋለሁ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1977 ገደማ አኮርዲዮኑንና ሲንተሳይዘሩን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ኢትዮጵያ ደርሶ ተሸጠ፤ ተረሳም፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባህር ዳር ከተማ አሮጌ ካሴት ሲያገላብጥ ያንን ካሴት አገኘ። ወድዶት ብቻ አልቀረም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ ተዋዋሉ፤ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው አሳታሚው በኩል በ2005 እንደገና አወጣው። የዚህ አሳታሚ ውል ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል የሚያካፍል ነው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተዘዋውሮ ተጫወተ፤ በ2010 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ሺምኮቪትዝ ይህን የሠራው በተአምር አይደለም። ካሴቱ ላይ ስም ነበረ፤ ስሙን ተከትሎ ባለቤቱን አገኘ፤ ገንዘቡን አካፈለ። በቃ። ያንን ካሴት የኛ ሰዎች በየመደርደሪያቸው ይዘውት ኖረዋል። ከባህር ዳር ንፋስ መውጫ ድረስ በየሙዚቃ ቤቱ አቧራ የለበሱ ስንት እንደዚያ ያሉ ካሴቶች ነበሩ? ሱቁ ሲዘጋ የትኛው ጉድጓድ ተጣሉ? ባዕድ ሰው መጥቶ የሚያነሳውን እኛ ረግጠነው ማለፋችን ያበግናል።

ሁለተኛው ትልቅ ዕድል በ2011 መጣ። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ፣ ድምፃዊው ጆኒ ራጋና ሌሎች የሙያ ጓደኞቻቸው አውታር የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አቋቁመው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሥራ ጀመሩ። ዋጋው ለአንድ ዘፈን 4 ብር ከ50፣ ለሙሉ አልበም 15 ብር ነበር፤ አልበሙ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ አገር ሙዚቀኞች ራሳቸው ሱቁን ከፍተው፣ ሰው በስልኩ ከፍሎ፣ ገንዘቡ በሥርዓት የሚከፋፈልበት መንገድ ተገኘ ተባለ። ግን ኤልያስ በመስከረም 2012 አረፈ። ለሙዚቃ መብት ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው የደከመበት ነገር በእግሩ ሲቆም ሳያይ ሄደ። በስልክ መክፈልን ለሕዝብ ያለማመደው ቴሌብር የመጣው ከዚያ በኋላ በግንቦት 2013 ነው። መክፈያው ሲደርስ የመሸጫው ወሬ ቀዝቅዞ ነበር። ሰዋስውን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ቢከተሉም፣ እዚህ አገር ቤት ዘፈን ሲባል ሰው ጣቱን የሚሰድደው ወደ ዩቲዩብ ሆኗል።

«ምን አለበት? ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት ይሰማል፤ ዓለም ወደዚያ ሄዷል» የሚሉ አሉ። ሄዷል። ግን እዚያ ያለውን ሒሳብ እንየው። ስፖቲፋይን በመሰሉ የስትሪሚንግ አገልግሎቶች የሁሉም ደንበኛ ወርሃዊ ክፍያ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ድርጅቱ የራሱን ካነሳ በኋላ ቀሪው ለዘፈኖች የሚከፋፈለው በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደተደመጡ ተቆጥሮ ነው። አንድ የእስቴ ሰው ወር ሙሉ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ብቻ ቢያደምጥ ከፍሎ ያስገባው ገንዘብ በሙሉ ለዚያ ማሲንቆ ተጫዋች አይሄድም፤ አብዛኛው የሚሄደው በዓለም ላይ በቢሊዮን ጊዜ ለተደመጠው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2024 ወዲህ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፈለውም። ሳውንድክላውድ በዚሁ አቆጣጠር በ2021 የአድማጩ ገንዘብ እሱ ለሰማው ሙዚቀኛ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ አሠራር ጀምሯል፤ ብዙዎቹ ግን አልተከተሉትም። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ላይ አልበም ሲገዛ ደግሞ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጩ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የገንዘብ ማስተላለፊያው ከተቀነሰ በኋላ ቀሪው የሙዚቀኛው ነው። ስለዚህ መስማትና መግዛት ለዘፋኙ አንድ አይደሉም። ሰርግ ላይ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር እኮ ቋት ውስጥ ገብቶ አይከፋፈልም፤ ለዚያች ዜማ፣ ለዚያ ሰው ነው።

በዚያ ላይ በኢንተርኔት የሚሰማ ዘፈን የእኛ አለመሆኑን የአማራ ክልል ሰው በሚገባ አይቶታል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ በስልክ ሲደመጥ የነበረው ሁሉ ከስልኩ ጠፋ። የዘፈነላቸው ያቺ ጥፍር የምታህል ካርድ ያልጠፋቸው ብቻ ነበሩ። ገዝቶ ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው የሚባለው ኢንተርኔት በማይቋረጥበት አገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ማንነቱን ምን አውቄ» የሚለው የሽማግሌው መልስ ነው። እኒህ ሰው የሚኖሩት ጋይንት ውስጥ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርበት የቤተልሔም ደብር ያለው እዚሁ ጋይንት ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም የዚሁ አገር ነው። ከሩቅ አገር ቁራሽ እየለመነ የመጣ ተማሪ ዓመታት ቀጽሎ፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ተፈትኖ ነው ምስክር የሚሆነው። መምህሩ ከማን እንደተማሩ፣ የእሳቸው መምህር ከማን እንደተቀበሉ ትውልዱ እየተቆጠረ ይነገራል። የቤተልሔም ዜማ ከአጫብር ዜማ በምን እንደሚለይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንት አሉን። ዜማን ከነባለቤቱ፣ ከነትውልዱ መያዝ ከማንም ያልተበደርነው የራሳችን ሙያ ነው።

ይህ ሙያ ግን ከቅኔ ማህሌት ወጥቶ ማሲንቆው ዘንድ አልደረሰም። እዚያው ደብር አጠገብ ሰርግ ሲያደምቅ የኖረው አዝማሪ የፈጠረው ዜማ አዲስ አበባ ሲደርስ የካሴቱ ሽፋን ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ታተመ። ሕዝብ የተባለው ግን አንድ ቀን፣ በአንድ ዳስ ውስጥ፣ ስምና አባት ያለው ሰው ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ እንኳ «አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ እኛ ምን እንዳለ ቀዳን፤ ማን እንዳለው ሳንጽፍ ቀረን። ሕጉ ለደራሲው ዕድሜ ልኩንና ከዚያም 50 ዓመት ቢሰጥ፣ ስሙ ላልተጻፈ ደራሲ ምን ይረባዋል? የየትኛው መተግበሪያ ሒሳብ ቢስተካከል ገንዘቡን ለማን ይልከዋል?

ያለፈው አለፈ ብሎ መጽናናት ባልከፋ። ግን አላለፈም፤ ዛሬም ዓይናችን እያየ እየተደገመ ነው። አሁን በየሰርጉ ቪዲዮ ይቀረፃል፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው በራሱ ቻናል ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፤ ርዕሱ «ምርጥ የጎንደር ማሲንቆ» ይላል፤ የተጫዋቹ ስም አሁንም የለበትም። የቻናሉ ባለቤት የተመልካች ቁጥር ይሰበስባል፤ ባለማሲንቆው ለዚያ ቀን የተለጠፈለትን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ ደህና መቅረጫና አንድ መዝገብ ይበቃዋል፤ ተጫዋቹ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ዜማውን ከማን ተቀበለ፣ ግጥሙ የማን ነው፣ የቴሌብር ቁጥሩ ስንት ነው። ቪዲዮ የሚጭነውም ያንን ስምና ያንን ቁጥር ከሥሩ ቢጽፍ እጁ አይቆረጥም። ከዋሽንግተንም ከባህር ዳርም ሆኖ ማሲንቆ ሰምቶ ሆዱ የባባ ሰው መላክ ይችላል፤ ለመላክ ደግሞ ልማዱ አለን። መዝገቡ እስኪከፈት ግን ዜማውን የያዙት ሰዎች አይጠብቁንም፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ልጆቻቸውም ባዶ እጅ የሚያስቀር ሙያ ለመውረስ አይቸኩሉም። እነሱ ካለፉ በኋላ በስትሪሚንግ ይሻላል በግዢ እያልን የምንከራከርበት ዘፈን ራሱ አይኖርም።